ወይዘሮ ኤስቴል አክስተንና የማክሌሞር ጎዳና የሸክላ መደብር

የድምፅ ቀረፃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በመጀመሪያ ዘፋኙን፣ ቀጥለውም መቅረፀ ድምፁን ያንቀሳቀሰውን ባለሙያ ያነሳሉ። መሣሪያው በማን ገንዘብ እንደተገዛ፣ የተቀረፀውን ድምፅም ሕዝብ ይወደው እንደሆነ ማን እንደመረመረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በሰሜን አሜሪካ፣ በሜምፊስ ከተማ ስታክስ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ከወንድማቸው ጋር ያቋቋሙት ወይዘሮ ኤስቴል አክስተን ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ኤስቴል በ1918 በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ ሚድልተን በምትባል የገጠር ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አስቀድሞ በመምህርነት ሠሩ፤ ወደ ሜምፊስ መጥተው አቶ ኤቨሬት አክስተንን ካገቡና ልጆች ከወለዱ በኋላ በባንክ ተቀጠሩ። በዐሥራ ሁለት ዓመት የሚያንሱት ወንድማቸው አቶ ጂም ስቱዋርትም ቀን ቀን የባንክ ሠራተኛ፣ ትርፍ ጊዜያቸውን ደግሞ የገጠር ዘፈን ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። አቶ ጂም በ1957 ሳተላይት የሚል ስም የሰጡትን ትንሽ የሸክላ ድርጅት ቢጀምሩም መሣሪያቸው ደካማ ስለነበረ በማግሥቱ ዓመት ወደ እኅታቸው ቀረቡ። ወይዘሮ ኤስቴልም ያመነቱትን ባላቸውን አግባብተው፣ የመኖሪያ ቤታቸውን በመያዣነት አስይዘው 2,500 ዶላር አመጡ። በገንዘቡም አምፔክስ 350 የተባለው መቅረፀ ድምፅ ተገዛ። የአርባ ዓመት ሴት፣ ደመወዝተኛ፣ ያለችውን አንድ ቤት ገና አንድም ተወዳጅ ሸክላ ባላወጣ ድርጅት ላይ ስታስይዝ የአደጋውን ልክ ባንክ ቤት ውለው የሚያድሩት እሳቸው ራሳቸው ከማንም ይበልጥ ያውቁት ነበር።

መሣሪያው በአንድ መስመር ብቻ የሚቀርፅ ነበር። ይህ ማለት ከበሮውም፣ ጊታሩም፣ ዘፋኙም በአንድ ጊዜ ተጫውተው፣ የድምፃቸው ሚዛን ከማይክሮፎኑ በቆሙበት ርቀት ይወሰናል ማለት ነው፤ ካለፈ በኋላ የሚታረም ነገር የለም። እንዲህ ላለው አሠራር የክፍሉ ጠባይ ወሳኝ ነው። በ1960 እኅትና ወንድም በማክሌሞር ጎዳና የነበረውን ካፒቶል የተባለ አሮጌ ሲኒማ ቤት ተከራዩ፤ ወንበሮቹን ነቅለው ወፍራም መጋረጃ ሰቀሉ። ተዳፋቱን ወለል ለማስተካከል ግን ገንዘብ አልነበረምና እንዳለ ተወው። ባልደረቦቼ እንደሚያውቁት ጣሪያና ወለል ትይዩ ካልሆኑ ድምፅ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ አይታሰርም። ያ ሰፊ ክፍል ለስታክስ ሸክላዎች ሰዎች ገና ሲሰሙት የሚለዩትን ድምፅ ሰጠ። ያሰላው ሰው አልነበረም፤ ድህነት ያመጣው መፍትሔ ነው።

የወይዘሮ ኤስቴል ዋና ሥራ ግን ከስቱዲዮው ውስጥ ሳይሆን ከበሩ ላይ ነበር። ቀድሞ ፈንዲሻና ከረሜላ ይሸጥበት የነበረውን የሲኒማ ቤቱን መግቢያ የሸክላ መደብር አደረጉት። የመደብሩ ገቢ በችግር ጊዜ ስቱዲዮውን ደግፎ አቆመ፤ ይህ ቀላሉ ጥቅም ነው። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነበር። ከውስጥ የተቀረፀው ዘፈን ገና ሳይታተም በመደብሩ ይሰማል፤ ከመንገድ የገባው ወጣት እግሩን ቢያወዛውዝ፣ ዋጋውን ቢጠይቅ፣ ወይም ዝም ብሎ ቢወጣ ወይዘሮዋ ያያሉ። የሌሎች ድርጅቶች ሸክላ ሲሸጥም ለምን እንደተሸጠ ከወጣት ደራሲዎች ጋር እያስደመጡ ይመረምሩ ነበር። በእኛ ሙያ ውጤቱን መልሶ ወደ መነሻው የማያደርስ ሥርዓት ራሱን ሊያርም አይችልም። ስታክስ ያን መመለሻ ያገኘው በአንዲት የሱቅ ባንኮኒ ነው።

መደብሩ ሰውንም አመጣ። ኋላ የታወቀው ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ክሮፐር በመደብሩ ሻጭ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ቡከር ቲ. ጆንስ ሸክላ ለመስማት እየመጣ በዚያው ቀረ፤ ዴቪድ ፖርተር ከመንገዱ ማዶ ከሚሠራበት የምግብ ሸቀጥ መደብር ተሻግሮ ዘፈን ደራሲ ሆነ፤ ሆመር ባንክስም ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ሲሸጥ ኖሮ የደራሲነት ማዕረግ ደረሰ። ሜምፊስ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው የሚኖሩባት ከተማ ነበረች፤ ከዚህ በር በስተጀርባ ግን አብረው ይሠሩ ነበር። በአገራችንም አቶ አምሐ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ከመጀመራቸው በፊት በአዲስ አበባ ሸክላ ሻጭ እንደነበሩ ሳስታውስ፣ ጆሮ የሚሠለጥነው በሱቅ ነው የሚለው ሐሳቤ ይጠነክራል።

በ1961 ከልጃቸው ከቻርልስ አክስተን ሳክስፎን ጋር የተቀረፀውን «ላስት ናይት» የተባለ ሙዚቃ አቶ ጂም ለማውጣት ሲያቅማሙ ወይዘሮ ኤስቴል ተሟገቱ። መነሻቸው የእናትነት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ገበያተኞቹ እየደጋገሙ ሲጠይቁት አይተዋልና። ሸክላው በአገሩ ዝርዝር ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ሌላ ሳተላይት መኖሩ ስለታወቀ ስሙ ተለወጠ፤ ከስቱዋርትና ከአክስተን የመጀመሪያ ፊደላት ስታክስ ተባለ።

ጉዳቱ የመጣው ከወረቀት ነው። ሸክላዎቹን የሚያከፋፍለው የኒው ዮርኩ አትላንቲክ ኩባንያ በ1965 የጽሑፍ ውል አቀረበ፤ አቶ ጂምም በመተማመን ዝርዝሩን ሳያነቡ ፈረሙ። አትላንቲክ ተሽጦ ግንኙነቱ በ1968 ሲቋረጥ ግን እስከዚያ ድረስ የተከፋፈሉት ቅጂዎች ዋና ክሮች ሁሉ የአትላንቲክ ንብረት መሆናቸው በውሉ ተገኘ። ቤት ተይዞበት የተጀመረ የስምንት ዓመት ሥራ በአንድ አንቀጽ ሄደ። እኔም በአንድ የሥራ ቦታ የውል ዓባሪ ሳላነብ ፈርሜ ስለማውቅ በአቶ ጂም ለመፍረድ አልደፍርም። ከጥቂት ወራት በፊት በታኅሣሥ 1967 ታላቁ ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ነበር፤ በሚያዝያ 1968 ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያችው በሜምፊስ ተገደሉ።

ወይዘሮ ኤስቴል ከአዲሱ አስተዳዳሪ ከአቶ አል ቤል ጋር ባለመስማማታቸው በ1969 ድርሻቸውን ሸጠው ወጡ። ልጃቸው ቻርልስ በ1974 ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ስታክስ ከሠረ። እሳቸው ግን ፍሬቶን የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቁመው ነበር፤ በ1976 ያወጡት «ዲስኮ ደክ» የተባለ ቀልደኛ ዘፈን፣ ለትልቅ ኩባንያ ከተላለፈ በኋላ፣ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ዘፈኑ እንደ ሙዚቃ ብዙም የሚመሰገን አይመስለኝም፤ ሆኖም የሚሸጠውን የማወቅ ችሎታቸው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸውም እንዳልከዳቸው ያሳያል።

የማክሌሞር ጎዳናው ሲኒማ ቤት በ1989 ፈረሰ። በቦታው የተሠራው ቤተ መዘክር በ2003 ሲከፈት በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በየካቲት 2004 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። የቤተ መዘክሩ ሠሪዎች ስቱዲዮውን እንደ ቀድሞው መልሰው ሲያቆሙ፣ ወለሉን በሐሳብና በወጪ ተዳፋት አድርገው ሠርተውታል።