ባርባራ ማክሊንቶክ፦ ከበቆሎ ማሳ እስከ ሆስፒታል ባክቴሪያ

ለዓመታት ሲፈውስ የቆየ አንቲባዮቲክ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ሲያቆም ብዙዎች ባክቴሪያው ቀስ በቀስ መድኃኒቱን እንደተላመደ ያስባሉ። ይህ አንዱ መንገድ ነው። ሌላውና ፈጣኑ መንገድ ግን ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚቋቋምበትን ዘረመል ከሌላ ባክቴሪያ ተዘጋጅቶ ያለቀለትን መቀበሉ ነው። ዘረመሎች ከነበሩበት ቦታ ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ መዘዋወር እንደሚችሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት ሳይንቲስት ሐኪም አልነበሩም፤ ምርምራቸውም በባክቴሪያ ላይ ሳይሆን በበቆሎ ላይ ነበር። እሳቸውም ባርባራ ማክሊንቶክ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ባርባራ ማክሊንቶክ ጁን 16 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። በ1908 ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ብሩክሊን ተዛወረ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ፈለጉ፤ እናታቸው ግን የተማረች ሴት ባል አታገኝም ብለው ስለሰጉ ተቃወሙ። አባታቸው ስለደገፏቸው በ1919 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ገቡ። በ1923 የመጀመሪያ፣ በ1925 ሁለተኛ፣ በ1927 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ባል ሳያገቡ ዕድሜያቸውን ሙሉ በምርምር አሳለፉ።

በኮርኔል ሳሉ የበቆሎን 10 ጥንድ ክሮሞዞሞች በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ለይተው የሚያውቁበትን ዘዴ አገኙ። በ1931 ከሃሪየት ክሬይተን ጋር ባወጡት ጥናት ክሮሞዞሞች ክፍሎቻቸውን እንደሚለዋወጡና ይህም በዘር ከሚተላለፉ ባሕርያት መቀያየር ጋር አብሮ እንደሚሄድ አረጋገጡ። እንዲህም ሆኖ ለሴት ተመራማሪ ቋሚ ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከ1936 እስከ 1941 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ እዚያ የወደፊት ተስፋ ስላልታያቸው ለቀቁ። ከዚያም በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የምርምር ማዕከል ሥራ ጀመሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚያ አልራቁም። በ1944 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኑ፤ በ1945 ደግሞ የአሜሪካ የዘረመል ጥናት ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

ቦታውን የሚለቅ ዘረመል

በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶች ዘረመሎች በክር ላይ እንደተሰካ መቁጠሪያ በክሮሞዞም ላይ ተደርድረው፣ እያንዳንዱ በቦታው ጸንቶ የሚኖር አድርገው ያስቡ ነበር። ማክሊንቶክ በማሳቸው የበቀሉትን በቆሎዎች ሲመረምሩ ግን ከዚህ ጋር የማይስማማ ነገር አዩ። አንዳንዶቹ ፍሬዎች ሙሉ በሙሉ ሐምራዊ ወይም ሙሉ በሙሉ ነጣ ያሉ መሆን ሲገባቸው ነጠብጣብ ነበረባቸው።

ምክንያቱን ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። አንድ ተዘዋዋሪ የዘር ቁራጭ ቀለም በሚሰጠው ዘረመል መካከል ሲገባ ዘረመሉ ሥራውን ያቆማል፤ ፍሬውም ቀለም ያጣል። ፍሬው እያደገ ሳለ ቁራጩ ከአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ሲወጣ ቀለሙ በእነዚያ ሴሎችና ከእነሱ በሚከፈሉት ላይ ይመለሳል። ነጠብጣቡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ቁራጭ በራሱ መንቀሳቀስ እንደማይችልና የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ቁራጭ እንደሚያስፈልገው ጭምር ደረሱበት። ግኝታቸውን በ1950 አሳተሙ፤ በ1951 ደግሞ በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር በተካሄደ ጉባኤ ላይ አቀረቡ።

አብዛኞቹ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም፤ ሥራው ለመረዳትም ከባድ ነበር። ከ1953 በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ ማሳተሙን በአብዛኛው ተዉት፤ ምርምሩን ግን አላቆሙም።

ከጃፓን የመጣው ማስጠንቀቂያ

በዚያው በ1950ዎቹ የጃፓን ሐኪሞች ከተቅማጥ በሽታ ጋር እየታገሉ ነበር። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ሰልፋ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮልና ቴትራሳይክሊን የተባሉትን አራት መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ሲቋቋም ተገኘ። አራት የተለያዩ የዘር ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ ላይ በአንድ ጊዜ በአጋጣሚ ይደርሳሉ ማለት የሚታመን አይደለም። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲነካኩ የመቋቋም ችሎታው በአንድነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ዝርያቸው ቢለያይም እንኳ። ተሸካሚው ዛሬ ፕላስሚድ የምንለው ክብ የዘር ቀለበት ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ የዘር ቁራጮች ተገኙ። በ1974 ደግሞ አምፒሲሊንን የሚቋቋም ዘረመል ከአንድ ፕላስሚድ ወደ ሌላ ፕላስሚድ እንደሚዘል ታወቀ፤ እንዲህ ያለው ቁራጭ ትራንስፖዞን ተባለ። ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ያዩት ነገር በሕክምና ላይ አደጋ በሚጥሉ ባክቴሪያዎች ውስጥም ይሠራ ነበር።

በሆስፒታል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

• በመጀመሪያ መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል የያዘ ትራንስፖዞን ከባክቴሪያው ክሮሞዞም ተነስቶ ፕላስሚድ ላይ ይሳፈራል።
• ቀጥሎ ፕላስሚዱ ወደ ሌላ ባክቴሪያ ይተላለፋል።
• ከዚያም ትራንስፖዞኑ በአዲሱ ባክቴሪያ ውስጥ እንደገና ዘሎ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ያመጣው ፕላስሚድ ቢጠፋም እንኳ እሱ ይቀራል።

ይህ በ2002 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በግልጽ ታይቷል። የኩላሊት እጥበት ይደረግለት በነበረ አንድ ሕመምተኛ ላይ ቫንኮማይሲንን በከፍተኛ ደረጃ የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ኦውሬየስ ተገኘ። ቫንኮማይሲን ሌሎች መድኃኒቶች የማይበግሩትን ይህን ባክቴሪያ ለማከም የሚጠበቅ መድኃኒት ነው። በሕመምተኛው ላይ ቫንኮማይሲንን የሚቋቋም ኢንቴሮኮከስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያም ነበር። ምርመራው እንዳሳየው ዘረመሉ በትራንስፖዞን ተሳፍሮ ከኢንቴሮኮከስ ወደ ስታፊሎኮከስ ተሻግሯል። ሁለት የተለያዩ ባክቴሪያዎች በአንድ ሰው ገላ ላይ መገናኘታቸው በቂ ነበር።

ዘግይቶ የመጣ ክብር

ማክሊንቶክ በ1983፣ በ81 ዓመታቸው፣ የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተሸለሙ። ይህን ሽልማት ከማንም ጋር ሳይጋሩ የወሰዱ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1992 በ90 ዓመታቸው በኒውዮርክ ሃንቲንግተን አረፉ።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?

መድኃኒቱን የሚላመደው የእርስዎ ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አንቲባዮቲክ ሲወስዱ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ ይባዛሉም። አንድ ፕላስሚድ የበርካታ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ አብሮ ሊይዝ ስለሚችል፣ ያለ ምክንያት የተወሰደ አንድ መድኃኒት የሌሎቹንም ኃይል ሊያሳጣ ይችላል። የዳነ ሰው እንኳ እነዚህን ባክቴሪያዎች በአንጀቱ ይዞ ምንም ሳይሰማው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለዚህ፦

• ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ ስለሚመጡ አንቲባዮቲክ አያድናቸውም። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከፋርማሲ አይግዙ።
• የታዘዘልዎትን መጠንና ሰዓት ይጠብቁ፤ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። የተረፈ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይስጡ።
• ሆስፒታል የተኛ ሰው ሲጠይቁ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ ወይም በአልኮል ያጽዱ። የሕመምተኛውን ቁስልና የገቡለትን ቱቦዎች አይንኩ።
• በቅርብ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ወይም አንቲባዮቲክ ወስደው ከነበረ ለሚያክምዎ ሐኪም ይንገሩ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራልዎት ለመምረጥ ይረዳቸዋል፤ አጠገብዎ የሚተኛውንም ሕመምተኛ ይጠብቃል።