ዓድዋ ጅረት ዳር የቆሙት ሰው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው ሰፈረ ሰላም ግቢ ካለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ተማሪ ሳለን ስሙን እየጠራን እናልፋለን፤ ሰውየው ምን እንዳዩ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። እኔ የጠየቅሁት ተመርቄ ጤና ጣቢያ ከተመደብኩ በኋላ ነው። አንድ ልጅ በቢልሃርዚያ ይመጣል፣ አክሜ እልከዋለሁ፣ ከወራት በኋላ ያው ልጅ በዚያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። ቢልሃርዚያ በቀጥታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታማሚው የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በሽታውን መከታተል ማለት ቀንድ አውጣውን መከታተል ማለት ነው።

ጅረቱን እየተከተሉ ሲሄዱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በርከት ብሎ አገኙ። እንዶድን እኮ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት ነው። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን እሳቸው ቆም ብለው ጠየቁ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ የእጥበቱን አረፋ ሲሞክሩት ሞቱ።

በ1966 ኢንስቲትዩቱን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሥራ ተካሄደ። በሽታው የተገኘባቸው ነዋሪዎች ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረዱ፤ ትንንሾቹ ልጆች ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

ይህ ሁሉ ሆኖም የውጭ ባለሙያዎችን ማሳመን ቀላል አልነበረም። እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው እኛ አገር በሌሉ ቤተ ሙከራዎች ይረጋገጥ ተባለ፤ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ግን አልተዉትም። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ።

እንዶድ እንደታሰበው በየጅረቱ አልተዳረሰም፤ ቢልሃርዚያም ዛሬም አለ። ለእኔ የተረፈኝ አንድ ልማድ ነው። ያ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ መድኃኒቱን ከመጻፌ በፊት እናቱን የት እንደሚዋኝ ጠየቅኋት። ከመዝገቡ ጠርዝ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ አሰመርኩና የወንዙን ስም ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ዓምዱን ቁልቁል ሳነበው፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት ልጆች የአንድ ወንዝ ልጆች ነበሩ። በማግስቱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ወደ ወንዙ ወረድን።