ሰር ሃሪ ሪካርዶ፤ የትንሹን ሞተር ጉልበት ያወጣ መሐንዲስ

አሮጌ መኪና ገዝቶ ሞተሩን ለማሳደስ ወደ ጋራዥ የሚወስድ ሰው ሁሉ፥ ሞተሩ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ባየ ጊዜ አንድ ምኞት ያድርበታል። ይኸውም፥ ከማደሱ ጋር ጥቂት ጉልበት ቢጨመርለት የሚል ነው። ምኞቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ሞተርን የሚጠቅም ጭማሪ እንዳለ ሁሉ፥ ሞተርን የሚሰብር ጭማሪም አለ። ሁለቱን የሚለየው ወሰን የት እንደሆነ በምርምር ካሳዩት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሃሪ ሪካርዶ ነው። የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪ ሪካርዶ በ1885 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሃልሲ ሪካርዶ የታወቀ አርክቴክት ሲሆን፥ በሕንድ አገር ከካልካታ ከተማ ማዶ የሚገኘውን የሃውራን ባቡር ጣቢያ ንድፍ ያወጣ ሰው ነው። የእናቱ አባት ሰር አሌክሳንደር ሬንዴልም ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ። የኤኮኖሚ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎቻችን ዳቪድ ሪካርዶ የተባለውን ሊቅ ሳያውቁት አይቀሩም። የእኛም ሪካርዶ የተወለደው ከዚሁ ሊቅ ወንድም ዘር ነው። በ1898 አያቱ አውቶሞቢል በገዙ ጊዜ፥ ሃሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበረ። በዚያን ዘመን አውቶሞቢል በእንግሊዝ አገር እንኳ ብርቅ ስለነበረ፥ ነገሩ በልጁ ልብ ውስጥ ተተክሎ ቀረ።

በ1903 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በማግሥቱ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የአውቶሞቢል ክበብ አንድ ውድድር አደረገ። የውድድሩም ደንብ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከአንድ ሊትር ጥቂት በሚበልጥ ቤንዚን ብቻ የሚችለውን ያህል እንዲጓዝ የሚል ነበር። ሪካርዶ በገዛ እጁ የሠራውን፥ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለውን ሞተር ቢሲክሌት ላይ ገጥሞ ቀረበ፤ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም አሸነፈ። ይህን የተመለከቱት ፕሮፌሰር በርትራም ሆፕኪንሰን ወጣቱን ጠርተው በሞተር ምርምር ሥራ ላይ አብሯቸው እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪካርዶን የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ሆነ። ይኸውም የሞተርን ጉልበት ማን ይወስነዋል የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ቀላል አይደለም። በሲሊንደር ውስጥ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በፒስቶን ታምቆ ሲቃጠል ጉልበት ይሰጣል። አብዝተው ባመቁት መጠን፥ ከዚያው ቤንዚን የሚገኘው ጉልበት ይበልጣል። ታዲያ ማመቁን ማብዛት ነው እንዳይባል፥ ልክ ሲያልፍ ሞተሩ እንደ መዶሻ ድምፅ እያሰማ ማንኳኳት ይጀምራል። የዚህን ማንኳኳት ምክንያት ብዙ ሰዎች ከካንዴላው አስቀድሞ ከመለኰስ ጋር ያምታቱት ነበር። ሆፕኪንሰንና ሪካርዶ ግን ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ተረዱ። እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ጥግ ሲሄድ፥ ገና ያልተቃጠለውን የመጨረሻ ድብልቅ እየገፋ ያጨናንቀዋል፤ እርሱም ግለቱን መቋቋም ሲያቅተው ከመቅጽበት በራሱ ይፈነዳል። የሚያንኳኳው ይኸው ነው። ጊዜ ከተሰጠው ፒስቶንን ይበሳል።

ዩኒቨርሲቲውን ከጨረሰ በኋላ ሪካርዶ በአያቱ የምሕንድስና ቢሮ ተቀጠረ፤ በትርፍ ጊዜው ግን ከሞተር ሥራ አልተለየም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እውቀቱ ለትልቅ ፈተና ቀረበ። የእንግሊዝ ታንኮች ሞተር ጉልበቱ 105 ያህል የፈረስ ጉልበት ሲሆን፥ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስም ታንኩ ያለበትን ስፍራ ለጠላት ያሳውቅ ነበር። ሪካርዶ አዲስ ሞተር እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ ነገር ግን ምርጡ ብረትና አሉሚኒየም ለአውሮፕላን ብቻ ስለሚፈለግ በተራ ብረት እንዲሠራ፥ ተራ ቤንዚንም እንዲበቃው ሆነ። በዚህ ሁሉ ወሰን ውስጥ ሆኖ 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፥ ዘይቱ ወደ እሳቱ ስፍራ እንዳያልፍ የተከለለ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሠራ። ሞተሩ በብዙ ሺሕ ቍጥር ተሠርቶ ማርክ 5 የተባሉትን ታንኮች አንቀሳቀሰ።

በ1915 ሪካርዶ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ ከአራት ዓመትም በኋላ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳር በሾርሃም የምርምር ሥራውን ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ የትንንሽ መኪናዎችን ባለቤቶች የጠቀመው ሥራው በዚህ ጊዜ የወጣ ነው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ርካሽ መኪናዎች ቫልቮቻቸው ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ሞተሮች ነበሯቸው። ይህ ዓይነት ሞተር ለመሥራት ቀላል፥ ድምፁም ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበቱ ግን ደካማ ነበር። ብዙ መሐንዲሶች መድኀኒቱ ሞተሩን ጥሎ ቫልቮቹ ከላይ የሆነ ሌላ ሞተር መሥራት ብቻ ነው ይሉ ነበር።

ሪካርዶ ግን ሞተሩን ከመጣሉ በፊት መረመረው። ጥፋቱ ያለው በክዳኑ፥ ማለት የጋራዥ ሰዎቻችን ቴስታታ በሚሉት ክፍል መሆኑን አገኘ። አሮጌው ቴስታታ በፒስቶኑም በቫልቮቹም ላይ የተዘረጋ ሰፊ ጕድጓድ ስለነበረ፥ ድብልቁ በውስጡ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ እሳቱም በዝግታ እየሄደ ጥጉ ሳይደርስ ማንኳኳት ይመጣል። ስለዚህ ቴስታታውን በፒስቶኑ አናት ላይ ዝቅ አድርጎ ሊነካው እስኪቃረብ አቀረበው፤ ማቃጠያውን ስፍራ ከቫልቮቹ በላይ ሰበሰበው። ፒስቶኑ ሲወጣ በጠባቡ ስፍራ ያለው ድብልቅ ተጨምቆ እየተናወጠ ወደ ማቃጠያው ይገባል፤ ስለ ተናወጠም ፈጥኖ ይነድዳል። በጠባቡ ስፍራ የቀረው ጥቂት ድብልቅ ደግሞ በብረቱ ስለሚቀዘቅዝ በራሱ አይፈነዳም። ሞተሩ ያው ሞተር ሆኖ ሳለ፥ ክዳኑ ብቻ ተለውጦ ጉልበቱ ጨመረ፤ የሚበላው ቤንዚንም ቀነሰ። ብልሃቱ በብዙ አገር ፋብሪካዎች ተስፋፋ።

በዚሁ ዘመን የማመቅ መጠኑ በሥራ ላይ ሳለ ከፍና ዝቅ ሊል የሚችል አንድ የመመርመሪያ ሞተር ሠራ። ሄንሪ ቲዛርድና ዴቪድ ፓይ ከተባሉ ሊቃውንት ጋር ሆኖ ልዩ ልዩ ቤንዚኖችን እየፈተነ፥ እያንዳንዱ ነዳጅ ሳያንኳኳ የሚችለው የመታመቅ ወሰን እንዳለው በቍጥር አሳየ። በኋላ ኦክቴን የተባለው የቤንዚን መለኪያ እንዲገኝ መንገዱን ካቀኑት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

የእነዚህን ሁለት ሥራዎች ጥቅም በምሳሌ እናስረዳ። በ1922 የወጣችው ኦስቲን ሰቨን የተባለችው ትንሽ መኪና በብዛት የተሠራው ሞተሯ 747 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፥ መጀመሪያ ጉልበቱ 10 የፈረስ ጉልበት ያህል፥ ቫልቮቹም የጎን ነበሩ። ዛሬም እርስዋን የሚያድሱ ሰዎች በሪካርዶ ብልሃት የተሠራ ቴስታታ ይገጥሙላታል። ማመቁን ከ5 እጥፍ ወደ 6 እጥፍ ማሳደግ በሂሳብ ሲታይ 8 በመቶ ያህል ትርፍ ይሰጣል፤ ከ9 ወደ 10 ማሳደግ ግን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የፊተኛዋ ጥቂት ጭማሪ ከሁሉ ትበልጣለች ማለት ነው። በጎን ቫልቭ ሞተር ደግሞ ቴስታታውን እጅግ ዝቅ ያደረገ ሰው አየሩ የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚያጠብበው፥ በአንድ በኩል ያገኘውን በሌላው በኩል ያጣዋል።

ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይወጣል። አስቀድሞ ፋሻዎቹ መታደስ፥ ቫልቮቹም ከመቀመጫቸው ጋር ተሞርደው መግጠም አለባቸው፤ የሚያፈስ ሞተር ምንም ቢያምቁት ትርፍ የለውም። ቀጥሎ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከማኅተሙ ጋር እኩል ሆኖ ሸካራው ይለሰልሳል፤ ፒስቶኖቹና ቢየላዎቹም በሚዛን እኩል ይደረጋሉ። ከዚያ በኋላ ቴስታታው፥ በመጨረሻም ካርቡራቶሩና የካንዴላው የመለኰሻ ጊዜ ይስተካከላል። ድብልቁ አሁን ፈጥኖ ስለሚነድድ፥ የድሮው የመለኰሻ ጊዜ ይቀድምበታል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የዛሬ ቤንዚን በ1920ዎቹ ከነበረው ይልቅ መታመቅን እጅግ አብልጦ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሞተር ከልክ በላይ ያመቀ ሰው የማንኳኳት ድምፅ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ወሰኑ ግን አልጠፋም፤ ከነዳጁ ወደ ብረቱ ተዛወረ እንጂ። የኦስቲን ሰቨን ኮሎ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ በሁለት ጫፎቹ ብቻ የተደገፈ ቀጭን ብረት ነበረ፤ እርሱም ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፥ አየሩ በባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፥ አብዝቶ የታመቀ ሞተር በደህና ይሠራል፤ ወደ ቈላ በወረደ ጊዜ ግን ማንኳኳቱ ሊነሣ ይችላል። ጭማሪው የሚለካው መኪናው በሚሄድበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው።

ሪካርዶ ከዚህ በኋላም አላረፈም። ኮሜት የተባለው የናፍታ ሞተር ማቃጠያው በ1930ዎቹ በሎንዶን አውቶቡሶች ላይ ሠርቷል። በ1929 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1948 ደግሞ የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። በ1968 የሕይወቱን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1974 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ለሞተር ብቻ አይደለም። ተማሪውም ሆነ በአዲስ ሹመት ቢሮ የገባው ወጣት ባለሥልጣን፥ የተረከበውን አሮጌ ሥራ ከሥሩ ነቅሎ በሌላ ለመተካት ይቸኩላል። ሪካርዶ ግን ሌሎች ይጣል ያሉትን ሞተር ሁለት ጥያቄ ጠየቀው፤ ጉልበቱ የሚባክነው በየትኛው ክፍል ነው? የሚሸከመውስ እስከ ምን ድረስ ነው? ሁለቱን ካወቀ በኋላ አንድ ክዳን ለወጠ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ሁለተኛውን የተወ ሰው፥ ጉልበቱን ባገኘ ማግሥት ኮሎውን ሰብሮ ይቀመጣል።