ቦብ ቤመር

ሮበርት ዊልያም ቤመር (ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1920 – ጁን 22 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነበር። በተለይ የሚታወቀው አስኪ ለተባለው የፊደላት ኮድ ባደረገው አስተዋጽኦና «ኢስኬፕ» የተባለውን ምልክት በማቅረቡ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

ቤመር የተወለደው በሚሺጋን ግዛት ነው። በ1940 ከአልቢዮን ኮሌጅ በሒሳብ ተመረቀ፤ ቀጥሎም በዳግላስ የአውሮፕላን ኩባንያ ሠራ። ኋላ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ገብቶ በአይቢኤም፣ በዩኒቫክና በሃኒዌል አገልግሏል። ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ መጻፍ 2000 ሲደርስ ችግር እንደሚያመጣ በ1971 አስጠንቅቆ ነበር። በ84 ዓመቱ በቴክሳስ አረፈ።

ኢስኬፕና ባክስላሽ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኩባንያዎች ለፊደላት የተለያየ ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን ጽሑፍ በትክክል ማንበብ ያዳግተው ነበር። በ1963 አስኪ የወጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ሆኖም 128 ቦታ ብቻ ስላለው የዓለምን ፊደላት ሁሉ አይችልም። የቤመር መፍትሔ ኢስኬፕ ነው፦ ምልክቱ ሲመጣ ቀጥሎ ያለው እንደ ተለመደው እንዳይነበብ ያሳውቃል። ባክስላሽንም (\) ወደ አስኪ ያስገባው እሱ ነው። የመጀመሪያ ዓላማው ግን ከስላሽ (/) ጋር ተጣምሮ የአልጎል ቋንቋን የ«እና» እና የ«ወይም» ምልክቶች መሥራት ነበር። ባክስላሽን በኋላ እንደ ሲ ያሉ ቋንቋዎች ለኢስኬፕነት ተጠቀሙበት። የግዕዝ ፊደል ግን በኢስኬፕ ሳይሆን በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አገኘ።

በዳታቤዝ ጥያቄ

ኤስኪውኤልን የሠሩት ሌሎች ቢሆኑም የኢስኬፕ ሐሳብ በውስጡ ይሠራል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የሰፈሮች ዝርዝር ውስጥ «ካራ%» ብሎ የሚፈልግ ሰው በየካ ያለውን ካራን ብቻ ሳይሆን በከተማዋ ሌላ ጫፍ ያለውን ካራ ቆሬንም ያገኛል፤ % «ምንም ፊደል አለመኖርን ጨምሮ ማንኛውም የፊደላት ተከታታይ» ማለት ነውና። ራሱን የ% ምልክት ለመፈለግ ከፊቱ የኢስኬፕ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል።

«ግዕዝ» የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ (') አለው። እንዳለ ከገባ ዳታቤዙ ጽሑፉ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል፤ የቀረውንም እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። በመደበኛው ኤስኪውኤል ምልክቱ ሁለት ጊዜ ('') ይጻፋል። በባክስላሽ መተማመን አይገባም፤ አንዳንድ ዳታቤዞች እንደ ተራ ፊደል ያዩታልና። በዚሁ ክፍተት አጥቂዎች የራሳቸውን ትእዛዝ ሊያስገቡ ስለሚችሉ፣ ከተጠቃሚ የመጣውን ጽሑፍ ከትእዛዙ ለይቶ መላክ ከኢስኬፕ ይልቅ አስተማማኝ ነው።