ለረሃብ መፍትሔ ሲፈልግ በረሃብ የሞተው ሰው

ጠዋት ልደታ ማርያም አካባቢ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሮጡ ታያላችሁ። አዲስ አበባ ላይ እነዚህ ልጆች ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ትምህርት ቤት ይበላሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ገጠር ያለው እኩያቸውስ? እሱ በአብዛኛው የሚበላው ቤተሰቡ ያመረተውን ነው፤ በቆሎ ከሆነ በቆሎ፣ ማሽላ ከሆነ ማሽላ። ሆዱ ቢሞላ እንኳ ሰውነቱ የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል።

ታዲያ ለምን ራሱን እህሉን አናሻሽለውም? ይሄን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ስም ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነበር። ያኔ ሩሲያ ረሃብ የሚደጋገምባት አገር ናት። ልጁ ግብርና ተማረ፤ ዕድሜውንም በአንድ ሐሳብ ላይ አዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የተሻለ ሰብል ለማውጣት መጀመሪያ ብዙ ዓይነት ዘር በእጅህ መኖር አለበት፤ ብዙው ዓይነት ደግሞ የሚገኘው ገበሬው ለሺህ ዓመታት ሲያርስ በኖረባቸው አገሮች ነው።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ የኛዋ ናት። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በጅቡቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩትን ራስ ተፈሪን አግኝቶ በአገሪቱ የመዘዋወር ፈቃድ ተቀበለ፤ ከዚያ በበቅሎ ወደ ሰሜን አቀና። ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ እስከ አስመራ ዘለቀ። በየመንገዱ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ጥራጥሬ ለቀመ። ኢትዮጵያን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መፍለቂያዎች ተርታ አስቀመጣት። የለቀመውም ዘር ሌኒንግራድ ወዳለው ተቋሙ ተላከ፤ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የዘር ክምችት እዚያ ነበር።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። የስታሊን ድጋፍ የነበረው ሊሴንኮ የዘር ውርስ ሳይንስን አጣጥሎ ፈጣን ምርት ቃል ገባ። ቫቪሎቭ አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1940 ዘር ፍለጋ ላይ እያለ ታሰረ፣ በ1941 ሞት ተፈረደበት፣ በኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተቀየረለት። ግን ጊዜ አላገኘም። ጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። ስሙ የጸዳው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው።

እሱ እስር ቤት ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። የተቋሙ ባልደረቦች ሩዝና ስንዴ በተሞላ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ዘሩን አልነኩም፤ ከመካከላቸው በረሃብ የሞቱ አሉ።

ይሄ ሁሉ ከገጠሩ ተማሪ ጋር ምን ያገናኘዋል? እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ፈተሹ። የፈለጉት ላይሲን የበዛበትን ነበር። ላይሲን ልጅ ለማደግ የግድ የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል ነው፤ እህል ላይ ግን በጣም ያንሳል። ሁለት ዓይነት ማሽላ አገኙ። ሁለቱም ከወሎ! የወሎ ገበሬ እንዲህ ያለውን ማሽላ ያለ ላቦራቶሪ ያውቀው ነበር፤ አንዱን ወተት በጉንጬ ይለዋል። ከዚያ በፊትም ላይሲኑና ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ገብስ ከኢትዮጵያ ዘር ውስጥ ተገኝቷል። እነዚህን ቫቪሎቭ ራሱ አልሰበሰባቸውም። ግን የሱ ሐሳብ ትክክል እንደነበር ያሳያሉ፦ መፍትሔው ገበሬው እጅ ላይ ነበር፣ የሚያስፈልገው ሰብስቦ የሚያስቀምጥና የሚመረምር ሰው ነው። እኛም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የራሳችን የዘር ባንክ አለን።

አሁን እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ላስብ። ወተት በጉንጬ ጣፋጭ ነው፣ ግን ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱም አነስ ያለ ነው። ገበያ ላይ ዋጋ የሚወጣው በኩንታል ነው። ላይሲን በዓይን አይታይም፣ በሚዛን አይለካም፤ ስለዚህ ማንም አይከፍልበትም። ገበሬው ብዙ የሚያፈራውን ቢዘራ አይፈረድበትም። በዚህ መንገድ ግን ዘሩ ከማሳ ላይ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

የፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለ በቆሎና በቫይታሚን ኤ የበለጸገው ብርቱካናማ ስኳር ድንች አገራችን ገብተዋል። እነሱንም የሚገጥማቸው ይሄው የገበያ ችግር ነው። ለዚህ ይመስለኛል የትምህርት ቤት ምገባ ወሳኝ የሚሆነው። በጅምላ የሚገዛ፣ በየዓመቱ የሚገዛ፣ ለልጅ የሚገዛ ሌላ ገዢ ከየት ይመጣል? ከአካባቢው ገበሬ እነዚህን ሰብሎች ትንሽ ጨምሮ ቢገዛ፣ ገበሬው የሚዘራበት ምክንያት ያገኛል፣ ልጁም ከሚያውቀው ምግብ ሳይወጣ የተሻለ ይበላል። እንክብል በየዓመቱ መገዛት አለበት። ማሽላና ስኳር ድንችን ግን ገበሬው አንዴ ካገኛቸው ዘሩን ራሱ እያቆየ ይቀጥላል።

ቫቪሎቭ ዘሩን ሰበሰበ፣ ባልደረቦቹ ሕይወታቸውን ከፍለው ጠበቁት። የኛ ድርሻ ከዚያ ይቀላል፤ ከባንኩ አውጥተን ልጆቹ ሳህን ላይ ማድረስ ብቻ ነው።