ጀምስ ብሩስ እና ዋጊኖስ፦ ከጎንደር እልፍኝ እስከ ካንሰር ምርምር

ዋጊኖስ የተባለውን ቁጥቋጦ የኢትዮጵያ ባለ መድኃኒት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ለተቅማጥ፣ ለቁስልና ለቆዳ ደዌ ሲሰጠው ኖሯል፤ በአንዳንድ ስፍራም ለካንሰር ይሰጣል። የጓሳ አምባ ውርጭ አይስማማውም፤ ከዚያ ዝቅ ባለው ምድር፣ በጫካ ዳርቻ ይበቅላል። በዓለም የዕፅዋት መዝገብ ላይ ግን ዋጊኖስ ተብሎ አልተጻፈም። የተጻፈው ብሩሲያ ተብሎ ነው። ስሙ የተወሰደው ከ250 ዓመታት በፊት ጎንደር ከገባ አንድ ስኮትላንዳዊ ነው።

ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1730 ኪኔርድ በተባለ የአባቶቹ ርስት ተወለደ። ሕግ እንዲማር ተላከ፤ ሕጉ ግን ልቡን አልያዘውም። እ.ኤ.አ በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ሚስቱ በዚያው ዓመት፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ቤቱ መንገድ ሆነ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲያገለግል ጥቂት ሕክምና ተማረ። የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ በግብፅና በቀይ ባሕር በኩል መጣና እ.ኤ.አ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ።

ጎንደር የጠበቀችው በፈንጣጣ ወረርሽኝ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ልጆች ታመው ስለ ነበር እንግዳው ለሕክምና ተጠራ። በሽተኞቹን ንጹሕ አየር በሚገባበት ክፍል አስተኛቸው፤ ንጽሕናቸው እንዲጠበቅም አደረገ። ከእርሱ ሕሙማን መካከል የዳኑት ልጆች የእቴጌይቱንና የወይዘሮ አስቴርን ሞገስ አስገኙለት። በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን፣ የሰው ሕይወት እንደ ገለባ በሚቆጠርበት ከተማ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው በሰላም ሊከርም የቻለው በዚህ የሕክምና ሥራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብሩስ መንዝን አልረገጠም። ነገር ግን በጻፈው ታሪክ ውስጥ አምኃ ኢየሱስ የተባለ የሸዋ ወጣት መስፍን ፈረሰኞች አስከትሎ ጎንደር እንደ ገባና ወዳጁ እንደ ሆነ ይተርካል። የጥንት ነገሥታትን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ከሸዋ ያስመጣለትም ይኸው መስፍን ነበር። የሸዋ መሳፍንት ቤት ደግሞ የወጣው ከመንዝ ነው፤ የዘሩ መሥራች ነጋሲ ክርስቶስ የአጋንቻ ሰው ነበሩ።

እ.ኤ.አ በኅዳር 1770 ብሩስ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ከአውሮፓ ሰው የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ፤ እውነቱ ግን የስፔኑ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመታት በፊት ቀድሞት ነበር። አብሮት የተጓዘው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም የእርሱን ሥዕሎች እንደ ራሱ አድርጎ ለዓለም አቀረበ። ጀግንነቱን የሚክድ የለም፤ ክብርን ማካፈል ግን አይወድም ነበር።

እ.ኤ.አ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሱዳን ሲያመራ በምዕራቡ ቆላ፣ በራስ አል ፊል፣ የደም ተቅማጥ ያዘው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ሳለች የአገሬው ሰዎች የዋጊኖስን ሥር ቅርፊት አድቅቀው የሚሠሩትን መድኃኒት ወሰደ፤ እንደ ራሱ ምስክርነትም ዳነበት። ዘሩን ይዞ ሄደ። ከስናር በኋላ የኑቢያን በረሃ በውኃ ጥምና በቆሰለ እግር አቋርጦ፣ የመጽሐፈ ሄኖክን የግእዝ ቅጂዎች ጭምር ይዞ እ.ኤ.አ በ1773 አውሮፓ ገባ። የዕፅዋት ሊቃውንት ዋጊኖስን በስሙ ሰየሙት፤ ሁለተኛው የላቲን ስሙም ተቅማጥን የሚከላከል የሚል ነው። መድኃኒቱን ላስተማሩት ሰዎች ግን መዝገቡ ስፍራ አልሰጠም።

ለንደን አላመነችውም። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረው መሳለቂያ አደረገው። ተቀይሞ ወደ ርስቱ ተመለሰና እ.ኤ.አ በ1790 ጉዞውን በአምስት ጥራዝ አሳተመ፤ መንዜውም የሚያውቀውን ኮሶን ከዋጊኖስ ጋር በዚያ ገልጿል። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1794 አንዲት እንግዳ ወይዘሮን ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲፋጠን ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

የዋጊኖስ ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። በ20ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ዕፅዋትን ከመላው ዓለም እየሰበሰበች በካንሰር ሕዋሳት ላይ ትፈትን ነበር። ኢትዮጵያውያን ለካንሰር የሚሰጡት ይህ ተክልም ተፈተነ። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ በ1973 ከዋጊኖስ ውስጥ የደም ካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል ንጥረ ነገር ለይተው ብሩሲያንቲን አሉት። ሕዋስ ፕሮቲን ሳይሠራ መኖር አይችልም። ብሩሲያንቲን ሕዋሱ የፕሮቲን ቁርጥራጮችን እርስ በርስ የሚያያይዝበትን ስፍራ ይዘጋዋል። ፈጥኖ የሚያድገው የካንሰር ሕዋስ ብዙ ፕሮቲን ስለሚሻ ክፉኛ ይጎዳል፤ ችግሩ ጤነኛውም ሕዋስ በዚሁ መንገድ መኖሩ ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ባሕር አዙረው ነበር። ሰፍነግ ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ከዓለት ተጣብቆ ስለሚኖር መሸሽ አይችልም፤ ጥርስም ጥፍርም የለውምና ብዙው ራሱን በመርዝ ይከላከላል። ብሩስ በጀልባ ባቋረጠው ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖር አንድ ቀይ ሰፍነግ ሲጨመቅ ዓሦችን የሚያባርር ፈሳሽ ያወጣል። ከእርሱ የተገኘው ላትረንኩሊን የሕዋስን ቅርጽ የሚይዙትን ክሮች ያፈርሳል፤ ይህ ግን ለቤተ ሙከራ ጥናት እንጂ ለሕሙማን መድኃኒት አልሆነም። የካሪቢያን ሰፍነግ ንጥረ ነገሮች ግን ሳይታራቢን ለተባለው መድኃኒት መነሻ ሆኑ። የካንሰር ሕዋስ ሳይታራቢንን የዘረ መል መሥሪያ መስሎት ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ማባዛት ያቅተዋል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ እስከ ዛሬም የደም ካንሰር ይታከምበታል። በጃፓን ባሕር ሰፍነግ ውስጥ በተገኘ ንጥረ ነገር አምሳል የተሠራው ኤሪቡሊን ደግሞ እ.ኤ.አ በ2010 ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ክሮች ያግዳል።

ብሩሲያንቲን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ የታየው ኃይሉ ተስፋ ሰጥቶ ስለ ነበር በአሜሪካ ሕሙማን ላይ ተሞከረ። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጡት ካንሰርና ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉት ሙከራዎች የአንዳቸውም ዕጢ በሚለካ መጠን አልቀነሰም። ይልቁንም ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የደም ግፊት መውረድ ታየባቸው። ያ የተሰጣቸው በሐኪም ዓይን ሥር፣ መጠኑ ተለክቶ ነው፤ በቤት የሚወቀጠው ዋጊኖስ ግን ምን ያህል ብሩሲያንቲን እንዳለበት የሚለካው የለም። ሙከራው ቆመ። ከዚያ በኋላም በቤተ ሙከራ፣ በተለይ በመቅኒ ካንሰር ሕዋሳት ላይ፣ የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ለሕሙማን የተፈቀደ መድኃኒት ግን ከእርሱ አልወጣም።