ግሬስ ሆፐር፦ የማሽንን ብልሽት ከሰው ስህተት የመለየት ጥበብ

የኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጅ የሆኑት ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና በሰባት ዓመታቸው የማንቂያ ሰዓት አሠራርን ለማወቅ ሲሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ፈታተዋቸው ነበር። እናታቸውም ነገሩን ሲደርሱበት አንዱን ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው።

በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በ1943 የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ተጠባባቂ ጦር ተቀላቅለው፣ በማግሥቱ ዓመት በሃርቫርድ 15 ሜትር ገደማ ርዝመት በነበረው ማርክ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተመደቡ።

በዚያ ዘመን ማሽኑ የተሳሳተ ውጤት ባወጣ ጊዜ የችግሩን ምንጭ መለየት አድካሚ ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ አለዚያም ማሽኑ ጤናማ ሆኖ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆናል። ስሌቱ ለባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያዎች የሚውል በመሆኑ ስህተቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የማርክ ሁለት ሠራተኞች ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 ላይ የማሽኑን የማባዛትና የመደመር ክፍል መፈተሽ ጀመሩ። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ስሌት ለማሽኑ ሲሰጥና ውጤቱ ሲዛባ፣ ጥርጣሬው ከፕሮግራሙ ወደ አካሉ ይዞራል። ከ20 ደቂቃ በኋላ በ70ኛው ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኘች፤ በመዝገቡም ላይ ተለጠፈች። ነፍሳቷን ያገኙት ሆፐር ባይሆኑም ታሪኩን በስፋት ያሰራጩት እርሳቸው ናቸው። ብልሽትን በነፍሳት ስም መጥራትም ከዚያ ቀደም በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር።

ሆፐር ግን አብዛኛው ስህተት ከሰው እጅ እንደሚመጣ ተገንዝበው ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎች የትእዛዝ ክፍሎችን በእጅ ሲገለብጡ ይሳሳቱ ነበርና፣ በ1952 የተፈተኑ ክፍሎችን ማሽኑ ራሱ እንዲያገጣጥም የሚያደርገውን ኤ-ዜሮ ሠሩ። ይህ ሥራቸው በኋላ ለኮቦል ቋንቋ መንገድ ጠርጓል።

በ1986 በሪር አድሚራል ማዕረግ ጡረታ ወጡ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አረፉ። የዚያ ዘመን ፍተሻ ዛሬም ይሠራል። ኮምፒውተር አንድ ሥራ ላይ ብቻ በተመሳሳይ ቦታ ሲቆም በቅድሚያ ፕሮግራሙ ይመረመራል፤ በልዩ ልዩ ሥራዎች ላይ ያለ ሥርዓት ሲቆም ግን ሜሞሪው፣ የኃይል አቅርቦቱና ሙቀቱ ይፈተሻሉ።